ሦስት አውራ ጣት፣ አንድ ኩባያ ማር

በአንድ ወቅት፣ ልብስ ሁሉ በልክ ይሰፋ በነበረበት ዘመን፣ ከሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ታሪኩን የምነግራችሁ ፍርዱን እናንተ እንድትሰጡ ነውና ከአሁኑ ወገን አትያዙ። እኔም ለማንም አላዳላም፤ ብችል ማለቴ ነው።

ትርንጎ የስፌት መኪናዋን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተክላ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ሰው ልብስ ሲያመጣላት መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። ልብሱን ገልብጣ ውስጡን ታያለች። ስፌቱ የት እንደተዘለለ፣ ክሩ የት እንደተቆጠበ፣ ኪሱ ውስጥ ምን እንደተረሳ አይታ ነው ዋጋ የምትናገረው። ይህ ልማዷ እየዋለ እያደረ ከልብስ አልፎ ወደ ሰው ተሻገረ። ሰላም ቢሏት «ምን ፈልገው ይሆን?» ትላለች። ጎረቤት እንቁላል ቢልክላት የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ይህ ነገር ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ያላት አንዲት ልጅ ናት። ስንዱ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስንዱ አራት ዓመት እስኪሞላት አልተናገረችም። ስትናገርም «እማዬ» ብላ ሳይሆን የእናቷን ሸሚዝ ቁልፎች ቆጥራ «ስድስት» ብላ ነው የጀመረችው። ሰው ጉንጯን ሊስማት ሲመጣ ትሸሻለች፤ ከኋላዋ ቢነኳት ትጮኻለች፤ የደወል ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ ትላለች። ስሟን ሲጠሯት ዘወር አትልም፤ ግን ከሦስት ቀን በፊት የተናገሩትን አንድም ቃል ሳትስት ትደግመዋለች። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው እርግማን ነው አለ። ትርንጎ ሰባት ጠበል ዞራ ስትጨርስ የጤና ጣቢያው ሐኪም «ኦቲዝም ይባላል፤ በሽታ አይደለም፣ እንዲህ ሆና ነው የተፈጠረችው። ግን ከሰው ጋር መኖርን ቀስ እያለች እንድትለምድ የሚረዳት ያስፈልጋታል» አላት። ትርንጎም ረዳት ከመፈለግ ይልቅ በሯን ዘጋች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀር የትም አትሄድም። ሰው በልጄ ከሚስቅ፣ ሰው ባያያት ይሻላል ብላ ነው።

በሩ እንደተዘጋ ይቀር ነበር። ግን የትርንጎ ልብ ታመመ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ እግሯ ያብጣል። ሐኪሙ መርምሯት «ዋና ከተማ ሄደሽ ኦፕራሲዮን መሆን አለብሽ። ከግንቦት አይለፍ። ቢያንስ ስድስት ወር ያቆይሻል፤ ከዚያ በኋላ…» አለና ዝም አለ። ትርንጎ ይህንን ዝምታ እንደ ልብስ ገልብጣ አየችው። ውስጡ ያለው ነገር ገባት።

በዚያ አገር የጡት ልጅ የሚባል ወግ ነበር። ልጁን የሚረከበው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፤ ልጁ ያንን ጣት ይጠባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው የጡት አባት ወይም የጡት እናት ይባላል። ወላጅ ቢሞት ልጁን የሚያሳድግ፣ የሚድር፣ የሚሟገትለት እሱ ነው። ጣቱ አንዴ ከተጠባ መካድ የለም። ትርንጎም እንዲህ ብላ አሰበች፦ ስንዱን የሚያበላት ዘመድ አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ከሰው የሚያገናኛትን ነው፤ እኔ ብሞት ብቻዋን የማትቀርበትን ዘዴ የሚያስተምራትን። ማሩንም የምሰጠው ለሱ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ሳይናገሩ መደበቅ አይቻልም። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሦስት ሰዎች ወደ ልጇ ቀረቡ። እሷም በልቧ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለች።

የመጀመሪያው ወንድሟ ማንደፍሮ ነው። ማንደፍሮ የጀልባ ቲኬት ቆራጭ ነው፤ ከተማውን ሁሉ በስም የሚያውቅ፣ አንድ ሰው ሰላም ለማለት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ሰላምታ ብቻ ነው የጎደላት» አለ። «ሰው በሰላምታ ነው የሚገባው። እኔ አስተምራታለሁ።»

እንደ ውትድርና አስተማራት። «ዓይን ማየት ካስጨነቀሽ ቅንድብ እዪ፤ ማንም አያውቅብሽም። እጅ ሲዘረጋልሽ ያዢ፣ አንድ ሁለት ሦስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ።» ደግሞ ወጉን አስለመዳት። እሱ ወደ ውጭ ይወጣና ይገባል፤ እሷ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «ኖር!» ትለዋለች፤ እሱ «በእግዜር!» ይላል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። እሷ ወጥታ ትገባለች፤ ያ ሁሉ ቁመቱ ብድግ ይልና «ኖር!» ብሎ እጁን ይዘረጋላታል፤ እሷም «በእግዜር!» ብላ እጁን ትይዛለች፣ ሦስት ትቆጥራለች። ስንዱ የምትወደው ይህንን ሁለተኛውን ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከገበያ እስከ ቤታቸው ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ጀመረች። ሰዉ ተገረመ። ትርንጎ ግን ልጇ ወደ ቤት ስትመለስ የእጅጌዋን ጫፍ እስኪበሳ ስታኝከው አየች።

አንድ ቀን የማንደፍሮ እጮኛ የሆነችው የብርቄ አክስት ለሠርጉ የሚሆን ቀሚስ ልትለካ በረንዳው ላይ መጣች። ትርንጎ ወገቧን በሜትር ስትለካ ሴትየዋ ደስ ብሏት «እንኳን ማረልሽ! በሽታው ጨርሶ ለቀቃት አሉ። ማንደፍሮ ሲነግረን እኮ እልል ነው ያልነው። እኛማ በዘር ይተላለፍ ይሆን ብለን ሠርጉን ልናስቀረው ነበር» አለች።

ሜትሩ ከትርንጎ እጅ ወደቀ። ለካ ሰላምታው ለስንዱ አልነበረም። ለአማቾቹ ነው።

ሁለተኛዋ መምህርት ፀዳለ ናት፤ የስንዱ ክፍል ኃላፊ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ አስተያየቷ ግን የማይበገር ሴት ናት።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እኔ ስንዱን አላስተምራትም» አለች። «ሌሎቹን ነው የማስተምረው።»

እንዳለችውም አደረገች። ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን የደወል ብረት አስነቅላ ወደ ግቢው በር አዛወረችው። አርባ ሦስቱን ልጆች ሰብስባ «ስንዱን ከኋላ አትንኩ። ስሟን አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩ፤ ከዚያ በልባችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩ። መልሱ እየመጣ ነው፤ እናንተ ናችሁ የምትቸኩሉት» አለቻቸው። እንዳይስቁባት አልገሠጸቻቸውም፤ እንዲጠብቋት ነው ያስለመደቻቸው። ከወር በኋላ ሰናይት የምትባል ልጅ የትርንጎን በር አንኳኳች። «ስንዱ አለች?» አለች። ትርንጎ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህንን ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ መጣች ብላ ማሰላሰል ጀመረች።

ብዙ አልቆየም። የሰናይት እናት የልጇን ዩኒፎርም ክርኑን ጠግኚልኝ ብላ ላከች። ትርንጎ እንደ ልማዷ ገለበጠችው፣ ኪሱን ፈተሸች። የታጠፈ ወረቀት አገኘች፤ በመምህርቷ እጅ የተጻፈ። «ሰኞ ጌጤ፣ ማክሰኞ ሰናይት፣ ረቡዕ ደረሰ…» እያለ ይወርዳል። ከላዩ «ስንዱን የማጫወት ተራ» ይላል። ከታቹ ደግሞ «ተራ የደረሰው ተማሪ በዚያ ቀን ክፍል ከመጥረግ ነፃ ነው።»

ሦስተኛው አባባ ይርዳው ናቸው። መረብ ጠጋኝ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው የዓሣ አጥማጆችን መረብ ይሰፋሉ። ለትርንጎ ምንም ቃል አልገቡላትም። ስንዱ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአጠገባቸው ቆመች፤ እሳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም። መሬት ላይ የገበጣ ጉድጓዶች ቆፍረው ብቻቸውን ጠጠር መጫወት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ስንዱ ቁጭ አለች። በሳምንቱ ታሸንፋቸው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ወሬው ተሰማና ልጆች ሊገጥሟት ተሰለፉ።

የአባባ ይርዳው ሕግ አንድ ብቻ ነበር። መጫወት የሚፈልግ «ልጫወት?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ «እሺ» ወይም «አይ» ትላለች። «አይ» ካለች ልጁ ሳይከራከር ይሄዳል።

ትርንጎ ይህንን ሰምታ ወደ ዋርካው ወረደች። «አባባ፣ እምቢ ማለትን ነው እንዴ የሚያስተምሯት?»

«ልጄ፣ እምቢ ማለት ያልቻለ እሺ ማለቱ ምን ዋጋ አለው?» አሏት፤ መረባቸውን ሳይለቁ።

ነገሩ ልክ መሰላት። ስለዚህ ይበልጥ ጠረጠረች።

እሳቸውም ራሳቸው ማስረጃውን አመጡላት። አንድ ጠዋት የወንድ ኮት ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ። «ለስንዱ አሳጥረሽ ስፊልኝ፤ የሐይቁ ነፋስ ይበርዳታል» አሉ። ትርንጎ ኮቱን ገለበጠችው። ክርኑ አዲስ ነው፤ ኪሱ እጅ ገብቶበት አያውቅም። ጀርባው ግን ከላይ እስከ ታች ሳስቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ልብስ ሰፊ ናትና ገባት። ይህንን ኮት የለበሰው ሰው የትም ሄዶ አያውቅም። ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ ነው የኖረው።

«የማን ነው?» አለች።

«የልጄ።»

«ልጅ አለዎት እንዴ?»

«ነበረኝ። እንደ ስንዱ ያለ። ሰው አይሳቅበት ብዬ ከኋላ ክፍል አስቀመጥኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከዚያው ክፍል ነው የወጣው፣ በቃሬዛ።»

ትርንጎ ኮቱን አጣጥፋ መለሰችላቸው። «ከልጄ ይራቁ» አለች። 

ሽማግሌው ኮቱን ተቀበሉ። «እራቃለሁ። ግን አንቺስ ስንዱን የማን ቤት ይዘሻት ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ወደ ዋርካቸው ወረዱ። ትርንጎ ያን ቀን ሦስት ልብስ አበላሸች። ሽማግሌው የተናገሩት ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባልተናደደች።

እንግዲህ የሦስቱም ውስጥ ታየ። አንዱ ለክብሩ ሲል አስተማረ፤ አንዷ ጓደኛን በተራ ደልድላ ላከች፤ አንዱ ደግሞ የራሱን ልጅ ደብቆ የቀበረ ሰው ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ፍርዱ ቀላል ነበር። ማሩ ለማንም አይገባም ብለን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። ግን ግንቦት መጣ፤ የማንደፍሮም ሠርግ ደረሰ።

ትርንጎ የምትሄድበት አውቶቡስ ሠርጉ በዋለ በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነው። ሠርጉ እሑድ ሆነ። ዳሱ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ተጣለ። ማንደፍሮ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ሙሽራይቱን ይዞ ከመግባቱ በፊት ስንዱን ከዳሱ መግቢያ አቆማት። «እንግዳ ሲመጣ እንኳን ደህና መጡ፣ እጅ፣ አንድ ሁለት ሦስት። እሺ?» አላት። ስንዱ «እሺ» አለች። የአማቾቹ ወገን በሰልፍ ገባ። ስንዱ የሁሉንም ቅንድብ እያየች ሁሉንም ሰላም አለች። የብርቄ አክስት እንባ አውጥታ ሳመቻት። ትርንጎ ከሩቅ ሆና የልጇ ጆሮ እየቀላ ሲሄድ፣ የቀሚሷን ቁልፍ ስታዞር አየች። ልትሄድና ልትወስዳት አሰበች። ሰው ምን ይላል ብላ ተወችው። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ሙሽሮቹ ገቡ፤ የመኪኖቹ ጡሩምባ፣ ከበሮውና እልልታው አንድ ላይ ሆነ፤ ማዕድ ሲቀርብም ማይክራፎኑ ጮኸ። ትርንጎ ዘወር ብላ ስትመለከት ስንዱ የለችም።

ግርግሩን አልዘረዝርላችሁም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ስንዱ! ስንዱ!» እያለ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ማንደፍሮ ሙሽራይቱን ከአጠገቡ ትቶ ከማዕዱ ብድግ አለ። አማቱ «ሙሽራ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ ወዴት ነው?» ብለው እጁን ያዙት። «ልጃችን ጠፍታለች» አለና እጁን ነጠቀ። ልጃችን ማለቱን ሁሉም ሰማ።

መምህርት ፀዳለ ከእንግዶቹ መካከል ነበረች። ደጅ ወጥታ ከሷ ተማሪዎች በሠርጉ የተገኙትን ዐሥራ አንዱን ልጆች ጠራች። «ዝም በሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ስሟን እንዳትጠሩ፤ ጩኸት ሲበዛ ትደበቃለች። ጆሯችሁን ክፈቱ፣ ስትፈራ ትቆጥራለች» አለቻቸው። ትልልቆቹ ሰዎች እየጮኹ ወደ ገበያ ሲሮጡ ልጆቹ በዝምታ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሰናይት ናት የሰማቻት። ጀልባ የሚቆምበት አሮጌው የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ ስንዱ ቆማ «አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት» እያለች ውሃውን ታያለች። ያ መረማመጃ ከተተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መሐሉ ላይ ሦስት ጣውላ ወድቆ ውሃው ይታያል፤ ስንዱ በድንጋጤ ሮጣ ዘላው አልፋለች፤ ጫፉ ደግሞ ጥልቅ ነው።

ትርንጎ ደረሰች። ልትሮጥ ስትል መምህርቷ እጅጌዋን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ! ልጄ ናት!»

«ሮጠው ከደረሱባት ወደ ኋላ ትሸሻለች። ወደ ኋላ ውሃ ነው ያለው» አለቻት ፀዳለ በዝቅተኛ ድምፅ። እጅጌዋን ግን አልለቀቀችም። ከኋላ የመጣውንም ሰው ሁሉ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አቆሙት። ያ ሁሉ የሠርግ ሰው በዐሥራ አንድ ልጆች ታግዶ ጸጥ አለ።

ያኔ አባባ ይርዳው ከዋርካው ሥር ተነሥተው መጡ። ትርንጎ ከልጄ ይራቁ ብላቸው ነበርና ቀና ብለው አዩዋት። እሷም ወደ ጎን ብላ አሳለፈቻቸው። ሽማግሌው መረማመጃው ላይ ወጡ፤ የወደቀው ጣውላ ጋ ሲደርሱ ቁጭ አሉ። ጠጠሮቻቸውን አውጥተው በእንጨቱ ላይ በኖራ ክብ ክብ ሠሩና ብቻቸውን ገበጣ መጫወት ጀመሩ። ሆን ብለው ተሳሳቱ። ጠጠር ዘለሉ። እንደገና ተሳሳቱ።

ስንዱ መቁጠሯን አቆመች። «ትክክል አይደለም» አለች።

«የቱ?» አሉ አባባ ይርዳው፣ ሳያዩዋት።

«አራተኛው። አራተኛውን ቤት ዘለሉት።» አንድ እርምጃ ቀረበች። «አሁንም ዘለሉት!» ሌላ እርምጃ። እንዲህ እያለች ከጫፉ ተነሥታ ክፍተቱ ድረስ መጣች። እዚያ ስትደርስ ግን ውሃውን ከእግሯ ሥር አየችና ደረቀች። አባባ ይርዳው ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው አያነሣቸውም። ቢዘረጉላትም የሳቸውን እጅ ይዛ አታውቅም፤ ሳይነኳት ነው የለመደቻቸው።

ማንደፍሮ ከኋላቸው ደረሰ። ሱፉን እንደለበሰ ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው፣ ብድግ አለ። እጁን በክፍተቱ ላይ ዘርግቶ፣

«ኖር!» አላት።

ስንዱ ቅንድቡን አየች። ትርንጎ ከዳር ሆና በልቧ ቆጠረች፤ ዐሥር ከመድረሷ በፊት ልቧ የሚቆም መሰላት።

«በእግዜር» አለች ስንዱ፤ እጁን ያዘች። «አንድ፣ ሁለት…» ሦስት ከማለቷ በፊት ክፍተቱን አሻግሮ አቀፋት። ጮኸች፤ ግን እጁን አልለቀቀችም።

ሠርጉ ምን ሆነ ብትሉ፣ ተበላ ተጠጣ፤ የአማቾቹ ፊት ግን እንደጠቆረ ቀረ። በሽታው ለቀቃት የተባለው ነገር ውሸት መሆኑ በሐይቁ ዳር በሁሉም ፊት ተገልጧል።

ትርንጎ ከዚያ በኋላ ለአምስት ቀን እንቅልፍ አልነበራትም። ሐሙስ ዕለት ሰናይት በሩን አንኳኳች። ትርንጎ ወረቀቱን አስታውሳ «ዛሬ ተራሽ ነው?» አለቻት።

«አይ፣ የኔ ማክሰኞ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ገበጣ አሸንፋኛለች። ላሸንፋት ነው የመጣሁት።»

ትርንጎ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። እንዲህ በይ ብሎ ያስጠናት ሰው ይኖር ይሆን? በመጨረሻ አስገባቻት። ደጅ ቆማ የሁለቱን ድምፅ ሰማች። ብዙ አያወሩም። ጠጠር ይቆጥራሉ፣ አንዳንዴ ይጣላሉ። ስንዱ «አይ» ስትል ሰናይት ትጠብቃለች። ይህንን የጠበቀችው ሰናይት ናት? ወይስ ፀዳለ? «አይ» ያለችውስ ስንዱ ናት ወይስ ይርዳው?

ዓርብ ሦስቱን ጠራቻቸው። እያንዳንዳቸውን ፊት ለፊት ጠየቀች።

«ማንደፍሮ፣ ለአማቾችህ ስትል ነው ያስተማርካት።»

«አዎ፣ እትዬ። ሲጀመር ለነሱ ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስጨርስ ግን ለነሱ አልነበረም። የሆነ ሆኖ ብርቄ ስንዱን ቤቴ አልቀበላትም ብላለች። ቀስ ብዬ አሳምናታለሁ።»

«መምህርት፣ ጓደኛ በተራ ላክሽልኝ። ክፍል መጥረግ እያስቀረሽላቸው።»

«አዎ። ልጅ መጀመሪያ በተራ ካልመጣ በፍላጎቱ የሚመጣበት መንገድ አያገኝም» አለች ፀዳለ። «አሁን ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ዝውውር ጠይቄያለሁ። ምናልባት በመስከረም እሄዳለሁ። ጣቴ ከተጠባ ግን ይዣት እሄዳለሁ።»

«አባባ ይርዳው፣ እርስዎስ?»

«እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የልጄንም ነገር ታውቂያለሽ» አሉ። «አልሟገትሽም። ስንዱን ማስተማር አልችልም፤ መደበቅ ምን እንደሚያደርግ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሦስቱም እውነት ተናገሩ። ትርንጎን ያስፈራትም ይህ ነው። ሲዋሿት ምን እንደምታደርግ ታውቅ ነበር፤ እውነቱን ሲነግሯት ግን የምትገለብጠው አጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት አራቱ መናኸሪያው ጥግ ቆሙ። ትርንጎ ማሩን በኩባያ ይዛለች። ስንዱ ከአጠገቧ የአውቶቡሱን መስኮቶች ትቆጥራለች።

«ስንዱዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። የማንን ጣት ትጠቢያለሽ?» አለቻት። ልቧ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጇ ብትፈርድ እሷ ከጥርጣሬዋ ትገላገላለች።

ስንዱ ሦስቱን አየች፤ ቅንድባቸውን ሳይሆን ጣታቸውን። የማንደፍሮ እጅ በቲኬት ቀለም ጠቁሯል፤ የመምህርቷ ጣት ላይ ጠመኔ አለ፤ የሽማግሌው ጥፍር ሥር የመረብ ቃጫ ተሰክቷል።

«ቆሻሻ ነው» አለች። «ይታጠቡ።»

ሦስቱም ሳይከራከሩ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሳሙናውን እየተቀባበሉ፣ እየተጠባበቁ ታጠቡ። ተመልሰው ከፊቷ ቆሙ፤ ሦስት አውራ ጣት፣ እርጥብና ንጹሕ። ስንዱ «አሁን እሺ» አለችና ወደ መስኮቶቹ መቁጠር ተመለሰች። የቀረው ለእናቷ ነው።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ስንዱ ጆሮዋን ያዘች። ትርንጎ ኩባያውን ከፍ አደረገች፤ እጇ ግን ወደ ማንም አልዘረጋም። አሁን ደግሞ ከሦስቱ ይልቅ ራሷን ነበር የምትጠረጥረው። በሩን ይህን ሁሉ ዓመት የዘጋችው እሷ ናት። በዳሱ መግቢያ ልጇ ስትጨነቅ አይታ ሰው ምን ይላል ብላ የተወቻት እሷ ናት። መረማመጃው ላይ ሮጣ ልትደርስባት የነበረችውም እሷ ናት። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ትክክለኛውን ጣት ትለያለች?

አውቶቡሱ ሊነሣ ነው። እናንተ የሰማችሁ ሁሉ፣ ማሩ በእጃችሁ ነው እንበል። እጅ መያዝን ለሠርጉ ሲል አስለምዷት በሠርጉ ቀን ሠርጉን ትቶ ለያዛት አጎት ትሰጣላችሁ? ጓደኛን በተራ ልካ ተራው ሳይደርስ የሚመጣ ጓደኛ ላስገኘችላት፣ ግን ምናልባት በመስከረም ከተማዋን ለቅቃ ለምትሄድ መምህርት? ወይስ የራሱን ልጅ ደብቆ ቀብሮ፣ የሰውን ልጅ ሳይነካ ከውሃ ጫፍ ለመለሰ ሽማግሌ? ገልብጣችሁ እዩአቸው፤ ከዚያ ንገሩኝ። የማንን ጣት ማር ውስጥ ትነክራላችሁ?